ድፍረቱ ለማን ነበር? ስለ ዳኛ ላማር ሕይወትና ስለ አንድ ዝነኛ ምዕራፍ የቀረበ ሂስ

የአንድን ሰው የሕይወት ታሪክ የሚጽፍ ደራሲ ሁለት ሥራ አለበት። አንደኛው ሰውዬው ያደረገውን መናገር ነው፤ ሁለተኛው ያደረገው ነገር በማን ላይ እንዳረፈ መናገር ነው። የመጀመሪያውን ብቻ ሠርቶ ሁለተኛውን የተወ ደራሲ፥ ብዕሩ ምንም ያህል ያማረ ቢሆን፥ ታሪኩን በአንድ ዓይኑ ብቻ አይቶታል ማለት ይቻላል። በዚህ አጭር ጽሑፍ ለማስረዳት የምሞክረው ይህንኑ ነው።

ለምሳሌ የመረጥሁት ሰው ሉሲየስ ኩዊንተስ ሲንሲናተስ ላማር ይባላል። ላማር በተባበሩት ያሜሪካ መንግሥታት በእርስ በርሱ ጦርነት ጊዜ የደቡቦቹ የኮንፌዴሬሽን ጦር መኮንን ነበር፤ ከጦርነቱ በኋላ የኮንግሬስ አባል፥ ሚኒስትር፥ በመጨረሻም የጠቅላይ ፍርድ ቤት ዳኛ ሆነ። የምመረምረው መጽሐፍ ደግሞ ጆን ኬኔዲ ገና የሕግ መወሰኛ ምክር ቤት አባል ሳሉ በ1956 ያሳተሙትና በ1957 የፑሊትዘርን ሽልማት ያገኘው «ፕሮፋይልስ ኢን ከሬጅ» የተባለው ነው። መጽሐፉ ሥልጣናቸውን ለኅሊናቸው ሲሉ ለአደጋ ያጋለጡ ስምንት የምክር ቤት አባሎችን ያወሳል፤ ከስምንቱ አንዱ ላማር ነው። (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ዓመታት፥ ልዩ ምልክት ካልተደረገባቸው በቀር፥ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።)

ይህን መጽሐፍ መጀመሪያ ያነበብሁት በሚሲዮን ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሳለሁ ነው። በጣም ስለ ወደድሁት ከክፍል ጓደኞቼ ፊት ቆሜ «ጠላቱን ያመሰገነ ጀግና» በሚል ርእስ ስለ ላማር ንግግር አደረግሁ። ንግግሩን ስጨርስ ከኋላ ወንበር የተቀመጠ አንድ ተማሪ እጁን አንሥቶ «እሺ፤ ባሪያዎቹስ ከዚያ በኋላ ምን ሆኑ?» ሲል ጠየቀኝ። መልስ አልነበረኝም። መጽሐፉን እንደ ገና ገልጬ ብፈልግም መልሱን አላገኘሁትም። ስለዚህ ይህ ጽሑፍ ለዚያ ተማሪ ጥያቄ የዘገየ መልስ ነው ቢባል ስሕተት አይሆንም።

አስቀድሞ የሰውየውን ሕይወት ባጭሩ መናገር ያስፈልጋል። ላማር በመስከረም ወር 1825 በጆርጂያ ግዛት ተወለደ። አባቱ ዳኛ ነበር፤ ልጁ ገና ሕፃን ሳለ በ1834 ራሱን ገደለ። አጎቱ ሚራቦ ላማር ቴክሳስ ራስዋን የቻለች ሪፑብሊክ በነበረችበት ዘመን ፕሬዚዳንትዋ ነበር። ላማር በ1845 ከኤመሪ ኮሌጅ ተመርቆ፥ የኮሌጁን ፕሬዚዳንት የኦገስተስ ሎንግስትሪትን ልጅ በ1847 አገባ። አማቱ ለሚሲሲፒ ዩኒቨርሲቲ ፕሬዚዳንት ሆነው ሲሾሙ እሱም ተከትሎ በ1849 ወደ ኦክስፎርድ ከተማ ሄደ፤ በዚያም ሒሳብ አስተማረ፥ ጥብቅና ቆመ፥ በባሪያዎች ጉልበት የሚታረስ የጥጥ መሬት ያዘ። ከ1857 ጀምሮ በዋሽንግተን የሕግ መምሪያው ምክር ቤት አባል ሆነ።

በ1860 በተደረገው የሕዝብ ቈጠራ ሚሲሲፒ ከነበሩት 791,305 ነዋሪዎች መካከል 436,631 የሚሆኑት ባሪያዎች ነበሩ። ይህ ቍጥር በሚከተለው ታሪክ ሁሉ ውስጥ ሊረሳ አይገባም። ሊንከን ተመርጦ ደቡቦቹ ሲሸሹ፥ ሚሲሲፒ ከአንድነቱ የምትወጣበትን ሰነድ ያረቀቀው ላማር ነው። ጉባኤው በጥር 9 ቀን 1861 ሰነዱን በ84 ድምፅ በ15 ተቃውሞ አጸደቀው። በዚሁ ጉባኤ የወጣው የምክንያት መግለጫም የመገንጠሉ መነሻ የባርነት ሥርዐት መሆኑን ሳይሸሽግ ተናግሮአል። ስለዚህ ጦርነቱ የተነሣው በግብር ወይም በክብር ምክንያት ነው እያሉ በኋላ የተናገሩ ሰዎች፥ ላማር ራሱ የተሳተፈበትን ጉባኤ ቃል ማንበብ ይገባቸዋል።

በጦርነቱ ላማር የ19ኛው የሚሲሲፒ እግረኛ ክፍለ ጦር ሌተና ኮሎኔል ሆኖ ዘመተ። በግንቦት 1862 በዊሊያምስበርግ ጦርነት አዛዡ ኮሎኔል ሲገደል ጦሩን ተረክቦ መራ፤ ወዲያው ግን ድንገተኛ ሕመም ስለ ጣለው ከጦር ሜዳ ወጣ። ከዚያም ወደ ሩሲያ መልእክተኛ ተብሎ ተሾሞ ነበር፤ ነገር ግን ከሎንዶንና ከፓሪስ አላለፈም። በጦርነቱ መጨረሻ በሰሜን ቨርጂኒያ ሠራዊት ውስጥ የጦር ፍርድ ቤት የሕግ መኮንን ሆኖ አገለገለ። ሁለት ወንድሞቹ በጦርነቱ ሞቱ። ከሽንፈቱ በኋላ ወደ ሚሲሲፒ ዩኒቨርሲቲ ተመልሶ አስተማረ። በ1872 ለኮንግሬስ ሲመረጥ፥ በዓመፅ ስለ ተሳተፈ ሹመት እንዳይዝ የሚከለክለውን ሕግ ኮንግሬሱ አነሣለት።

ኬኔዲ ምዕራፋቸውን የሚከፍቱት ከዚህ በኋላ በሆነው ነገር ነው። በመጋቢት 1874 የማሳቹሴትሱ እንደራሴ ቻርልስ ሰምነር ሞተ። ሰምነር የባርነት ብርቱ ጠላት ስለ ነበረ በ1856 በምክር ቤቱ አዳራሽ ውስጥ በወንበሩ ላይ እንደ ተቀመጠ የሳውዝ ካሮላይና እንደራሴ በበትር ደብድቦ ሊገድለው ደርሶ ነበር። ደቡቦቹ ሰውየውን አጥብቀው ይጠሉት ነበር። በሚያዝያ ወር የሐዘን ስብሰባ ሲደረግ የመገንጠሉን ሰነድ ያረቀቀው ላማር ተነሥቶ ሰምነርን አመሰገነ፤ ሰሜንና ደቡብ እርስ በርስ ቢተዋወቁ እንደሚዋደዱ ተናገረ። አዳራሹ አለቀሰ ይባላል። በሚሲሲፒ አንዳንድ ጋዜጦች ነቀፉት። ኬኔዲ ይህን የድፍረት ሥራ ብለው ያቀርቡታል።

ንግግሩ ጥሩ እንደ ነበረ አልክድም። ከመራራ ጦርነት በኋላ የተሸነፈው ወገን የአሸናፊውን ሰው ማመስገኑ ቀላል ነገር አይደለም፤ ላማርም ንግግሩን ሲያደርግ ነቀፌታ እንደሚመጣበት ያውቅ ነበር። ነገር ግን አንድ ሥራ ድፍረት መሆኑን ለመመዘን ውጤቱንም ማየት ያስፈልጋል። ላማር በ1875 እንደ ገና ለኮንግሬስ ተመረጠ፤ በጥር 1876 ደግሞ የሚሲሲፒ ምክር ቤት ወደ ሕግ መወሰኛው ምክር ቤት ላከው። ንግግሩ በሰሜን ዝናን አተረፈለት፥ በደቡብም ብዙ አላጐደለበትም። ከዚህም የሚከብድ አንድ ጥያቄ አለ፤ ይኸውም ሰምነር ሲሞት አደራ ብሎ የተናገረው ነገር ምን ነበረ የሚለው ነው። ሰምነር በሞት አልጋው ላይ ሆኖ አደራ ያለው የዜጎች መብት ሕጉ እንዳይወድቅ ነው። ይኸውም ጥቁሮች በባቡር፥ በሆቴልና በቲያትር ከነጮች ጋር እኩል እንዲስተናገዱ የሚያዝ ሕግ ነበር። ሕጉ በ1875 ሲጸድቅ የላማር ፓርቲ የዲሞክራቶቹ ወገን ተቃወመው፤ ላማርም ለሕጉ አልቆመም። ስለዚህ ላማር ሟቹን አመሰገነ፥ የሟቹን አደራ ግን አልተቀበለም። ኬኔዲ የመጀመሪያውን ሲነግሩን ሁለተኛውን ከፊቱ አላስቀመጡትም።

በዚያው ምክር ቤት ውስጥ ከሚሲሲፒ የመጣ ሌላ እንደራሴ ነበረ፤ ስሙ ጆን ሮይ ሊንች ነው። ሊንች በ1847 ባሪያ ሆኖ ተወለደ፤ ነፃ ከወጣ በኋላ የሚሲሲፒ የሕግ መምሪያ ምክር ቤት አፈ ጉባኤ ለመሆን በቅቶአል፤ ከ1873 ጀምሮ የኮንግሬስ አባል ነበረ። በየካቲት 1875 ለዜጎች መብት ሕግ ተነሥቶ ተከራከረ፤ እሱ የሕግ አውጪ ሆኖ ሳለ በባቡር ሲጓዝ ምን ዓይነት ውርደት እንደሚደርስበት በምክር ቤቱ ፊት ገለጸ። ሁለቱም እንደራሴዎች ከአንድ ግዛት የመጡ ናቸው፤ አንዱ ስለ ዕርቅ፥ ሁለተኛው ስለ መብት ተናገረ። የትኛው ንግግር የበለጠ ድፍረት ይጠይቅ እንደ ነበረ አንባቢው ራሱ ይፍረድ። የኬኔዲ መጽሐፍ ግን ከሁለቱ አንዱን ብቻ ጀግና አድርጎ መረጠ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ደርሰናል። በ1875 የሚሲሲፒ ገዢ አዴልበርት ኤምስ ይባል ነበር፤ በሜይን ግዛት የተወለደና በሰሜኖቹ ጦር ውስጥ ጄኔራል የነበረ ሰው ነው። በሥልጣን ያቆየው የጥቁሮቹ ድምፅ ነበር፤ ከግዛቱ ሕዝብ ከግማሽ የሚበልጡት ጥቁሮች ነበሩና። በዚህ ዓመት ዲሞክራቶቹ ምርጫውን በማንኛውም መንገድ ለማሸነፍ ቈረጡ። በመስከረም 4 ቀን 1875 በክሊንተን ከተማ በሬፑብሊካኖች ስብሰባ ላይ ተኩስ ተነሣ፤ በሚቀጥሉት ቀኖች ብዙ ጥቁሮች በየቤታቸውና በየጫካው እየታደኑ ተገደሉ። ኤምስ የፌዴራል ወታደሮች እንዲላኩለት ለፕሬዚዳንት ግራንት ቢያመለክት፥ ሕዝቡ በየዓመቱ በመጸው በሚነሣው የደቡብ ሁከት ሰልችቶአል የሚል ቃል ያለበት መልስ መጣለት። በኅዳር ምርጫ ዲሞክራቶቹ አሸነፉ። ጥቁሮች በሚበዙባት በያዙ ወረዳ ለሬፑብሊካኖች የተቈጠረው ድምፅ ሰባት ብቻ ነበር። ሰባት ድምፅ! ይህን ያነበበ ሰው ስለ ምርጫው ሌላ ማስረጃ አያስፈልገውም።

ላማር በዚያ የምርጫ ዘመቻ ለፓርቲው በየከተማው ይናገር ነበር። እሱ ራሱ ጠመንጃ አንሥቶ ገደለ የሚል የለም፤ እኔም አልልም። ምናልባትም ግድያውን በልቡ ይጠላው ይሆናል። ነገር ግን ያ ግድያ ያስገኘው ምክር ቤት በጥር 1876 ወደ ሕግ መወሰኛው ምክር ቤት ሲመርጠው ምርጫውን ተቀበለ። ሥልጣኑን የሰጡትን ሰዎች ሥልጣናቸውን እንዴት እንዳገኙት ሳይጠይቅ መቀበሉ ነው ከድፍረት ጋር የማይስማማው። ያው ምክር ቤት ጥቁሩን ምክትል ገዢ ከሥልጣን አወረደ፤ ኤምስንም ሊከስሰው ሲነሣ በመጋቢት 1876 ሥልጣኑን ለቀቀ። ቦታውን የያዘው የኮንፌዴሬሽኑ ጦር መኮንን የነበረ ሰው ነው።

ኬኔዲ ይህን ሁሉ እንዴት ነገሩን? ኤምስን ግዛቱን ያጐሳቈለና ግብሩን ከመጠን በላይ ያበዛ እንግዳ ሹም አድርገው አቀረቡት፤ የ1875ን ደም ግን በዝምታ አለፉት። የኤምስ ልጅ ወይዘሮ ብላንሽ ኤምስ፥ የአባቴ ስም ያለ አግባብ ጠፍቶአል ሲሉ ለኬኔዲ ደጋግመው ደብዳቤ ጻፉ፤ ኬኔዲ ፕሬዚዳንት ከሆኑ በኋላም መጻፋቸውን አልተዉም። ምዕራፉ እንዳልታረመላቸው ባዩ ጊዜ የአባታቸውን የሕይወት ታሪክ ራሳቸው ጽፈው በ1964 አሳተሙ። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳ የሚባለው በእንዲህ ያለ ጊዜ ነው።

ኬኔዲ የጠቀሱት ሁለተኛው የላማር ሥራ በ1878 ያደረገው ነው። የሚሲሲፒ ምክር ቤት ስለ ብር ገንዘብ የቀረበውን ሕግ እንዲደግፍ ቢያዝዘው፥ ላማር ኅሊናዬ አይፈቅድም ብሎ ትእዛዙን በምክር ቤት ካስነበበ በኋላ ተቃውሞ ድምፅ ሰጠ። ይህ በውነቱ ድፍረት ነው፤ ባለዕዳው የሚሲሲፒ ገበሬ ሁሉ ብሩን ይፈልግ ስለ ነበረ ሥልጣኑን ሊያሳጣው ይችል ነበር። በዚህ ነገር ከኬኔዲ ጋር እስማማለሁ። ነገር ግን አንድ ነገር ልብ ማለት ይገባል፤ ላማር ስለ ገንዘብ የመራጮቹን ትእዛዝ እምቢ ለማለት ልብ ነበረው፤ መራጮቹ ጐረቤታቸውን ከምርጫ ሣጥን ሲያባርሩ ግን ያን ልቡን አላሳየም።

በ1879 በአንድ ታዋቂ ያሜሪካ መጽሔት ላይ ጥቁሮች የመምረጥ መብታቸው ይወሰድባቸው ወይስ አይወሰድባቸው የሚል ክርክር ሲታተም ላማርም ተካፋይ ነበር። በዚያም ጽሑፉ፥ ያለ አብዮት በቀር ይህን መብት መልሶ መውሰድ የማይቻል ነገር ነው የሚል አሳብ ገለጸ። ይሁን እንጂ በ1890 ሚሲሲፒ አዲስ ሕገ መንግሥት አወጣች፤ በሁለት ዶላር የራስ ግብርና በማንበብ ፈተና አማካይነት የጥቁሮቹን ድምፅ ከሞላ ጐደል አጠፋችው። ላማር በዚያን ጊዜ በሕይወት ነበረ፤ የጠቅላይ ፍርድ ቤትም ዳኛ ነበረ። የማይቻል ያለው ነገር በዓይኑ ፊት ተቻለ።

ስለ ዳኝነቱም ጥቂት ልናገር፤ ኬኔዲ በዚህ ላይ ብዙ አላተኰሩበትምና። ላማር በፕሬዚዳንት ክሊቭላንድ ጊዜ ከ1885 ጀምሮ የአገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስትር ሆኖ ከሠራ በኋላ ለጠቅላይ ፍርድ ቤት ታጨ። በጥር 1888 በ32 ድምፅ በ28 ተቃውሞ ጸደቀለት፤ በኮንፌዴሬሽኑ ጦር ካገለገሉት ሰዎች ለዚህ ወንበር የበቃ የመጀመሪያው ነው። በ1893 እስኪሞት ድረስ አምስት ዓመት ያህል ፈረደ። በ1890 የጸደይ ወራት ሁለት ነገሮች ከፍርድ ቤቱ ፊት ቀረቡ፤ ሁለቱን ጐን ለጐን ማየት ትምህርት ይሰጣል።

አንደኛው የኒግል ጉዳይ ነው። ዴቪድ ቴሪ የተባለ ሰው፥ እሱም እንደ ላማር የኮንፌዴሬሽኑ መኮንን፥ ከዚያም በፊት የካሊፎርኒያ ዋና ዳኛ የነበረ ሰው፥ የጠቅላይ ፍርድ ቤቱን ዳኛ ስቲቨን ፊልድን በነሐሴ 1889 በአንድ ባቡር ጣቢያ የምግብ ቤት ውስጥ በጥፊ መታው። ዳኛውን ይጠብቅ የነበረው ኒግል ቴሪን ተኩሶ ገደለው። ካሊፎርኒያ ኒግልን ልትከስ ስትል ፍርድ ቤቱ ነፃ አወጣው። ላማር ግን ከዋናው ዳኛ ከፉለር ጋር ሆኖ ተቃወመ፤ ክርክሩም በኮንግሬስ የወጣ ሕግ ሳይኖር ሹም በራሱ ሥልጣን ሰውን ከግዛት ፍርድ ሊያወጣ አይችልም የሚል ነው። ይህ ጽሑፉ ጥንቃቄና ብርታት ያለበት የሕግ ጽሑፍ ነው፤ የገዛ ባልደረቡ ጉዳይ ሆኖ ሳለ ለወዳጅነት አላደላም።

ሁለተኛው ከዚህ ስድስት ሳምንት ያህል ቀድሞ የተፈረደ ነው። ሚሲሲፒ በ1888 የባቡር ኩባንያዎች ለነጮችና ለጥቁሮች የተለያየ ሠረገላ እንዲያዘጋጁ የሚያስገድድ ሕግ አውጥታ ነበር። አንድ የባቡር ኩባንያ ሕጉን ተቃውሞ እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ቢሟገት ተረታ። በፍርዱ ያልተስማሙት ሀርላንና ብራድሊ የተባሉት ሁለት ዳኞች ብቻ ነበሩ። ላማር ከተቃዋሚዎቹ አልነበረም። ሊንች በ1875 በምክር ቤቱ ፊት የጮኸበት ያ የባቡር ውርደት አሁን ሕግ ሆኖ ጸና፤ ከሊንች ጋር አንድ አዳራሽ የተቀመጠውም ሰው በዳኝነት ወንበሩ ላይ ሆኖ ዝም አለ። ስለ አንድ ዳኛ ጠባቂ በሚገባ የተቃወመ ብዕር፥ የግዛቱን ሕዝብ ግማሽ ስለሚነካ ነገር አልተነሣም።

አንዳንድ አንባቢ ኬኔዲን በዚህ መውቀስ አይገባም ይል ይሆናል፤ የጻፉት በዘመናቸው የታሪክ ሊቃውንት የነገሯቸውን ነው፤ በኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ የዳኒንግ ደቀ መዛሙርት የጻፉት ሁሉ እንዲህ ይል ነበር ብሎ ይከራከራል። ነገሩ በከፊል እውነት ነው። ረዳታቸው ቴድ ሶረንሰንም የአብዛኞቹን ምዕራፎች የመጀመሪያ ረቂቅ እንደ ጻፉ በ2008 ባወጡት የሕይወት ታሪካቸው ገልጸዋል፤ ስለዚህ ጥፋቱ የአንድ ሰው ብቻ ላይሆን ይችላል። ነገር ግን ሊንች ስለዚያ ዘመን ያየውን በ1913 ጽፎ አሳትሞ ነበር። ዱቦይስም ስለ ጥቁሮች ተሐድሶ የጻፉት ታላቅ መጽሐፍ በ1935 ወጥቶአል። የኬኔዲ መጽሐፍ የታተመው ከዚህ ሃያ ዓመት በኋላ ነው። መጻሕፍቱ ነበሩ፤ ያልተሰማው ድምፃቸው ነው። ያልታወቀ ነገርና ሊሰማ ያልተፈለገ ነገር አንድ አይደሉም።

ታሪክ ግን የራሱ መንገድ አለው። በመስከረም 1962 ጄምስ ሜሬዲት የተባለ ጥቁር ተማሪ በሚሲሲፒ ዩኒቨርሲቲ ሊመዘገብ ሲሄድ በኦክስፎርድ ከተማ ሁከት ተነሣ፤ ሁለት ሰዎች ሞቱ። ሁከቱን ለማብረድ የፌዴራል ወታደሮችን የላኩት እኚሁ ፕሬዚዳንት ኬኔዲ ናቸው። ከተማዋ የላማር ከተማ፥ ዩኒቨርሲቲውም ላማር ያስተማረበት ነው። ኤምስ በ1875 ለምኖ ያጣቸው ወታደሮች ከ87 ዓመት በኋላ መጡ። ኬኔዲ በመጽሐፋቸው ያልመለሱትን ጥያቄ በሥልጣን ዘመናቸው ሊመልሱት ግድ ሆነባቸው።

ይህ ነገር የሩቅ አገር ሰዎች ጉዳይ ነው፥ እኛን ምን አገባን የሚል ቢኖር አንድ ነገር ላስታውሰው። ኤምስ ሥልጣኑን በለቀቀበት በዚያው በመጋቢት 1876፥ በእኛ አቈጣጠር በ1868 ዓ.ም.፥ ከላማር የጦር ጓዶች አንዳንዶቹ በአገራችን ምድር ላይ ነበሩ። የኮንፌዴሬሽኑ ጄኔራል የነበረው ሎሪንግ በግብጹ ኬዲቭ እስማኤል ጦር ተቀጥሮ ጉራዕ ላይ ዘምቶ ነበር፤ ዐፄ ዮሐንስም ድል አደረጓቸው። በአገራቸው ተሸንፈው ወደ ሌላ አገር ጦርነት የሄዱም አሉ፤ እንደ ላማር በአገራቸው ቈይተው በጦር ያጡትን በምክር ቤትና በፍርድ ቤት የመለሱም አሉ። ከሁለቱ የበለጠ የተሳካላቸው የኋለኞቹ ናቸው።

እንግዲህ የምደመድመው እንዲህ ነው። ላማር ተራ ክፉ ሰው አልነበረም፤ የተማረ፥ አንደበተ ርቱዕ፥ በገንዘብና በሕግ ነገር ለኅሊናው የቆመ ሰው ነበር። ስሙም በሚሲሲፒ፥ በአላባማና በጆርጂያ በሚገኙ ወረዳዎች ላይ ተሰይሞአል። ነገር ግን ያስታረቃቸው ሰዎች ሁለት ወገን ነጮች ናቸው፤ የዕርቁን ዋጋ የከፈለው በዚያ አዳራሽ በጥቂት ሰዎች ብቻ የተወከለው ሦስተኛው ወገን ነው። ዕርቅ መልካም ነገር ነው፤ ግን በዕርቁ ማዕድ የተበደለው ካልተቀመጠ ዕርቅ ሳይሆን የሁለት ኀይለኞች ስምምነት ይባላል። የሕይወት ታሪክ የሚጽፍ ሰው ይህን ለይቶ ካልነገረን፥ ድፍረት የምንለው ነገር የተናጋሪው ድምፅ ማማር ብቻ ሆኖ ይቀራል።

ከኋላ ወንበር የጠየቀኝ ተማሪ አሁን የት እንዳለ አላውቅም። ይህን ቢያነብ መልሴ ይህ ነው፤ ባሪያዎቹ ነፃ ወጡ፥ መረጡ፥ ተመረጡ፥ ሊንችን የመሰለ ሰው አወጡ፤ ከዚያም በ1875 በጥይት፥ በ1890 በሕግ ተመለሱ፤ እኔ ያመሰገንሁት ጀግናም ይህን ሁሉ አይቶ ዝም አለ። በዚህ አስተያየቴ ስሕተት ያገኘ አንባቢ ቢኖር እንዲያርመኝ በትሕትና እጠይቃለሁ።